ጠዋት የታተሙት ሮዝ ካርዶች

ቆቦ ላይ የማተሚያ ዕቃ መሸጫ እንክፈት ያለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። በጊዜው ሲወራ የሰማሁት፣ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች ካርታ ዘርግተው፣ ከደሴ እስከ መቀሌ ያለውን አስፋልት በማስመሪያ ለክተው፣ መሐሉ ነው ያሉት ቦታ ላይ ጣታቸውን እንዳሳረፉ ነው። ጣታቸው ጥቂት ወደ ሰሜን ቢያዘነብል ዋጃ፣ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ጎብዬ እንሆን ነበር። ቆቦ ላይ አረፈና ስቴንስሉ፣ የማባዣ ቀለሙ፣ ካርቦን ወረቀቱ፣ የጽሕፈት መኪናው ሪባን ሁሉ በከባድ መኪና ተጭኖ መጣ። እኔም ከደሴ በዚያው መኪና ጋቢና ውስጥ ተጭኜ መጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የተቀጠርኩትም በታይፒስትነት ነው።

ደንበኞቻችን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ፖሊስ ጣቢያው፤ አለቀ። የቀረው የአገሩ ሰው ማሽላ ያመርታል፣ ከብት ያረባል፣ ግመል ይነግዳል፤ ካርቦን ወረቀት ቢያጣ አይሞትም። አንድ ቀን ጨው ይዞ የወጣ የአፋር ነጋዴ ጥላ ፍለጋ ገባና ካርቦኑን በጣቱ ነካ። ጣቱ ሲጠቁርበት ይህ ነገር ምን እንደሚሠራ ጠየቀን። አንድ ጊዜ የጻፉትን ሁለት ያደርጋል አልነው። ጥቂት አሰበና ለጨውም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። አይሠራም ስንለው፣ በዚህ ሥራ እንዴት እንደምንኖር እያሰበ መሰለኝ፣ አዝኖልን ወጣ።

አራት ሠራተኞች ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ግን በዚያን ጊዜ ከነበረበት ዕድሜ በእጥፍ ስለምበልጠው አንተ ብዬ ብጽፈው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። በዚያ ሙቀት ኮትና ከረባት ያደርጋል። ላቡ በአገጩ ይወርዳል እንጂ የከረባቱን ቋጠሮ አያላላም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩ መመሪያ ማመኑ ነው። ከማባዣው ማሽን ጋር የመጣውን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። መጽሐፉ ማሽኑ በማናቸውም ሰዓት ይሠራል ካለ፣ በማናቸውም ሰዓት ይሠራል።

መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን ቆቦን አያውቃትም። ስቴንስል ማለት ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በጽሕፈት መኪና ስመታው ፊደሉ ሰሙን ይበሳል፤ ወረቀቱ ማሽኑ ላይ ይጠመጠምና ቀለሙ በዚያ ቀዳዳ አልፎ ይታተማል። ደሴ ላይ እንዲህ ነው። ቆቦ ላይ ግን ፀሐይ ከዞብል ተራራ በላይ ከፍ ስትል ሰሙ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቀለሙም እንደ ቀጭን ሽሮ ይፈሳል። ስቴንስሎቻችንን ከውሃው እንስራ ጎን አስደግፈን፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ነበር የምናሳድራቸው። እንግዳ ሲመጣ የታመመ ሰው የተኛ እየመሰለው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ይህን የሙቀት ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁት የማሽኑ ባለሙያ ነበሩ። አያ ነበር የምንላቸው፤ ከሥራ አስኪያጁ በስተቀር ከተማው ሁሉ እንዲሁ ይላቸዋል። የቆቦ ሰው ናቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ ሙስሊም፤ ሙያውን በወጣትነታቸው አስመራ ተምረው ነው የመጡት። ሱብሒ ሰግደው ከመስጊድ ቀጥታ ወደ ማሽኑ ይመጣሉ። ፀሐይ ብቅ ሳትል አትመው ጨርሰው፣ ማሽኑን አጥበው፣ ሥራ አስኪያጁ በሁለት ሰዓት ሲገባ ሻያቸውን እየጠጡ ይጠብቁታል። እሱም በየቀኑ፣ ሥራ ሳይጀመር ሻይ መጠጣት ተገቢ አይደለም ይላቸዋል። እሳቸውም በየቀኑ፣ ልክ ነው ጌታዬ ብለው ይጠጣሉ።

አያ የታተመውን ወረቀት አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አንሥተው ያዩታል። የጠራ ከሆነ በቀኝ፣ ያልጠራ ከሆነ በግራ። ግራው ላይ ወረቀት ሲቀመጥ ያየሁት በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጣታቸው ላይ ቀለም አይታይም፤ እኔ በምሳ ሰዓት እንኳ ቀለም ሳልነካ አፍንጫዬ ጠቁሮ ይገኛል። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በቀትር እየሮጡ መጥተው ፈተናው ለነገ ስለሆነ አሁኑኑ ይታተም ቢሉ፣ አያ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ብለው መለሷቸው። ፈተናው በማግሥቱ ጠዋት ታተመ፤ ተማሪዎቹም አንድ ሰዓት ዘግይተው ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ተማሪው ሁሉ አያን መንገድ ላይ ሲያገኝ እጅ ይነሣቸው ነበር።

አራተኛው መጋዘን ጠባቂያችን ነው። የሮቢት ልጅ ነው፤ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጆቹን በበትሩ ላይ ጥሎ የሚሄድ፣ ወሬ የሚወድ፣ ሲዋሽ ደግሞ ፊቱ የሚያበራ። ከመጋዘኑ አንድ ነገር ከጎደለ ምስጥ በላው ይላል። የማኅተም ቀለም ቆርቆሮ ጠፍቶ ምስጥ በላው ብሎ ያውቃል። ሥራ አስኪያጁም መዝገቡ ላይ ጻፈለት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሳቅ የነበረው በስልሳ አምስትና በስልሳ ስድስት ነው። ዘመኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህች ሴት በዚያን ጊዜ ምን አሳቃት ቢል እውነቱን ነው። ዝናቡ ቀረ። ማሽላው እንደቆመ ደረቀ። መጀመሪያ በሬዎቹ ወደ ገበያ ወረዱ፤ ቀጥሎ የበሬዎቹ ባለቤቶች ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ከዞብል ግርጌም፣ ከደጋውም የመጣ ሰው መንገዱ ዳር ተደርድሮ ይቀመጣል። አውቶቡስ ሲመጣ ይነሣል፤ ሲያልፍ ተመልሶ ይቀመጣል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ረሃብ የሚለውን ቃል እንደ ነውር ይሸሸው ነበር። የምግብ እጥረት፣ ጊዜያዊ ችግር፣ የዝናብ መዛባት፤ ይህን ሁሉ በእጄ ታይፕ አድርጌያለሁ። እኛ አራታችን እንስቅ ነበር። ባንስቅ በዚያ መንገድ አልፈን ቢሮ መግባት አንችልም። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በልቼ ነበር የምስቀው፣ አሁንም ያሳፍረኛል።

በኋላ ከከተማው ዳር የሸራና የቆርቆሮ መጠለያ ተሠራ። ንፍሮና የዱቄት ወተት ይሰጥበታል ተባለ። አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ የአራት መቶ አባወራ ዝርዝር አዘጋጀና፣ መጠለያው የሚያስገባው ካርድ ያለውን ብቻ ነው አለ። ካርዱ የሚታተመው እኛ ጋ ነው። ማኅተም እንኳ አላስፈለገውም፤ ወረቀቱ ሮዝ ነው፣ ሮዝ ወረቀት ደግሞ በዚያ አገር ከእኛ መጋዘን በቀር የትም አይገኝም።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አላገኘም። አያ ነገ ጎህ ሲቀድ አትሜ አስረክባለሁ ቢሉት እምቢ አለ። የኮሚቴውን አባላት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ጠራቸው፣ ለስላሳ አስመጣላቸው፣ ኮቱን አውልቆ ማሽኑን ራሱ ያዘ። እያዞረ ስለ ማሽኑ ዘመናዊነት ያስረዳል። አያ ጥግ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ዱዓ የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማየት አቅቷቸው ነው። ፊደሎቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ወጡ። መስመሮቹ ወደ ጎን ፈሰሱ። ከሃያኛው ካርድ በኋላ ቀለሙ ከማሽኑ አልፎ የሥራ አስኪያጁን ሸሚዝ እስከ ክርኑ ድረስ አተመው። የኮሚቴው አባላት ጨዋ ሰዎች ስለሆኑ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው፣ አራት መቶውን የተጨማለቀ ካርድ ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ታደለ።

ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚኖረው የመጋዘናችንን ግድግዳ ተጠግተው ተቀመጡ። መጠለያው ካርድ የላችሁም ብሎ መልሷቸዋል። ከነሱ መካከል ከዞብል በኩል የመጣች ሴት ነበረች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ አንዷ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትንሿ ገና ታዝላለች። ባሏ ከብት ሊሸጥ ወርዶ እንደቀረ ነግራኛለች። በየማለዳው የጥድ ይሁን የምን እንደሆነ የማላውቀው ቅርንጫፍ ይዛ የግድግዳችንን ሥር ትጠርጋለች። ለምን ትደክሚያለሽ ብላት፣ የሰው ቤት ሥር ተቀምጦ ዝም አይባልም አለችኝ።

ትልቋ ልጅ መስኮቴ ሥር ነው የምትውለው። የጽሕፈት መኪና መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይደውላል፤ ያ ደወል በተሰማ ቁጥር ትስቃለች። ሳቋን ስሰማ ሌላ ደወል ልጨምርላት ብዬ መስመሩን አሳጠርኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች አራት አራት ቃል ብቻ በመስመር ነበራቸው። ሥራ አስኪያጁ አንዱን አንሥቶ፣ ይህ የስቴንስል ማዘዣ ለምን እንደ ቅኔ ቁልቁል ወረደ ብሎ ጠየቀኝ። መኪናው ሙቀት ነክቶታል አልኩት። ሙቀት ማሽን አይነካም ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ለሆነው ነገር እንሥራው ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። መጋዘን ጠባቂው አንድ ቀን ጠዋት ትንሽ እሽግ ሮዝ ወረቀት ብብቱ ሥር ሸጉጦ እየወጣ፣ ሮዙን ወረቀት ምስጥ በላው አለኝ። እኔም አይ ምስጥ ብዬ፣ ካለ ወትሮዬ የካርዱን ጽሑፍ አዲስ ስቴንስል ላይ መምታት ጀመርኩ። አያ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ስለተራቡት ሰዎች አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያ የተጨማለቀ ካርድ ከእሳቸው ማሽን ወጣ ተብሎ ከተማውን ሲዞር እንቅልፍ እንደነሣቸው ብቻ ነገሩኝ። ሦስታችንም ሦስት የተለያየ ምክንያት ይዘን አንድ ሥራ ላይ ተገናኘን። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሥር ወጥቼ የሠላሳውን ቤተሰብ ነፍስ ቆጥሬ ጻፍኩ። የዞብሏን ሴት ሦስት ብዬ መዘገብኳት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ማሽኑ ጋ ተገናኘን። አያ አትመው ጨረሱ፤ አንዱን ካርድ ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ሁለተኛውን አዩ፣ ሦስተኛውን አዩ። ሁሉንም በግራ በኩል አስቀመጡ። ሄጄ አየሁት፤ ከታች ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ስቴንስሉ ስጠቀልለው ተጨማድዶ ይሆናል።

«አያ፣ ይቺን ማን ያያታል?» አልኳቸው።

«እኔ አይቻታለሁ» አሉ።

የሥራ አስኪያጁ ካርድ አጠገብ ብናስቀምጠው ይህ እንደ ሙሽራ ያምራል አልኳቸው። እንዲያውም ትንሽ ቢበላሽ ከነዚያ ጋር ይመሳሰላል፣ ሆን ብለው በአውራ ጣትዎ አሸት ያድርጉት ብዬ ለመንኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ሐሳቡ ጥሩ ሐሳብ ነበር። አያ ግን ክፉ ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ አዩኝ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ሌባ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ዝርክርክ ግን አይሉኝም። ደግሞስ ድሃ ነው ተብሎ የተበላሸ ይሰጠዋል? ወላሂ አልሰጥም።»

ሌላ ስቴንስል እስክመታ ፀሐይዋ ወጣች። ለነገ ይሁን፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል አሉ። የጣሏቸውን ካርዶች ሰው እንዳያያቸው ራሳቸው ክብሪት ጭረው ጓሮ አቃጠሏቸው። መጋዘን ጠባቂው በትሩን ተደግፎ እሳቱን እያየ፣ ምስጡ በሁለት ቀን ሁለት እሽግ በላ ብዬ ምን አፍ ይዤ እናገራለሁ ብሎ አማረረ። ከምሳ በፊት ተናግሮትም ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ምስጡ ነጩን ትቶ ሮዙን ብቻ የሚመርጠው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ይጣፍጠዋል መሰለኝ ጌታዬ አለው። እኔ በሳቅ ልሞት ደርሼ በጽሕፈት መኪናው ላይ ተደፋሁ። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ፊደል ባበላሸሁ ቁጥር ስቴንስል እየቀየርኩ እየመታሁ፣ በአያና በአንዲት ቀጭን መስመር ስስቅ ነው የዋልኩት። መስኮቴ ሥር ሳቅ አልነበረም። እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ወንዝ ወርዳ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ካርዶቹ ወጡ። እንደዚያ ያለ የጠራ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከዝርዝሬ ላይ እያየሁ የየቤተሰቡን ነፍስ ብዛት በብዕር ጻፍኩ። መጋዘን ጠባቂው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ግድግዳውን እየተከተለ አደላቸው። ሰዎቹ ተነሥተው ወደ መጠለያው ሄዱ። አያ ማሽኑን አጠቡ፤ ሻያቸውን ጠጡ፤ ሥራ አስኪያጁም በሁለት ሰዓት ገብቶ፣ ሥራ ሳይጀመር ሻይ መጠጣት ተገቢ አይደለም አላቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

አራት ሰዓት አካባቢ ከውጭ ጫጫታ ሰማን። ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ሁሉም በእጁ የተጨማለቀውን ካርድ ይዟል። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ የሆነውን ነገሩን። የመጠለያው በር ጠባቂ እስከ ትናንት የቆሸሸውን እየተቀበለ ያስገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት ዓይነት ካርድ አየ፤ አንዱ እንደ መስተዋት የጠራ፣ አንዱ የቆሸሸ። ቆሞ አመዛዘነና፣ መንግሥት እንዲህ ያለ ቆሻሻ ወረቀት አያወጣም፣ ይህ ሰዎች በየቤታቸው የሠሩት የውሸት ካርድ ነው ብሎ ፈረደ። የጠራውን የያዘ ሁሉ ገባ። የቆሸሸውን የያዘ ሁሉ፣ አራት መቶው ባለመብት፣ ተመለሰ።

መቼም ነገሩ በወሬ የሰማሁት ቢሆን ኖሮ ከሳቄ አልነሣም ነበር። እዚያ በር ላይ ቆሜ ግን አልሳቅኩም። ሽማግሌው ትናንት ከተሰጣቸው ንፍሮ ወዲህ ምንም አልቀመሱም። ሠላሳ ቤተሰብ አስገባን ብለን አራት መቶውን ውጭ አስቀረን።

ሥራ አስኪያጁ አንዱን ካርድ ተቀብሎ አየ። የራሱ እጅ ሥራ የውሸት መባሉን ሲሰማ ፊቱ ደም መሰለ። የጠራው የት ታተመ፣ ማን ደፍሮ አስመሰለብን አለ። ኮቱን አነሣ። አሁኑኑ መጠለያው ሄጄ፣ የጠራ ካርድ የያዘ ሁሉ አጭበርባሪ ነውና ይውጣ እላለሁ አለ። ወደ በሩ ሲራመድ አያ ፊቱ ቆሙ።

«የጠራው የእኔ ነው ጌታዬ» አሉት። «እኔው ነኝ ያተምኩት። እነሱ አያውቁም፤ የሚታሰር ካለ እኔን ነው።»

መጋዘን ጠባቂው ወረቀቱን የሰጠሁ እኔ ነኝ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ሲናገር ስላየሁት ነው መሰለኝ፣ ፊቱ እንደ ወትሮው አላበራም። እኔም፣ ስቴንስሉን የመታሁት እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ዛሬ እንደ ጀግና ተናገርኩ ብዬ ብጽፍ የሚያውቅብኝ የለም፤ ግን አልተናገርኩም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ሄደ። ግድግዳው ሥር ማንም አልነበረም፤ የዞብሏ ሴት የጠረገችው መሬት ብቻ ነው የሚታየው። ይባርራል፣ ፖሊስ ይጠራል ብለን ስንጠብቅ፣ በስንት ሰዓት እንዳተሙት አያን ጠየቃቸው። ጎህ ሲቀድ አሉት። ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ሦስታችንም ሕዝቡን ይዘን ተከተልነው።

መጠለያው በር ላይ በር ጠባቂውና ከኮሚቴው አባላት አንዱ ቆመዋል፤ ያን ለስላሳ ከጠጡት መካከል የነበረ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ከረባቱን አስተካከለ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያቀርብ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሁለቱም ካርድ የእኛ ነው» አለ። «የጠራው ጠዋት የታተመ ተጨማሪ ነው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የቆሸሸው ከሰዓት በኋላ ራሴ ያተምኩት ነው። በዚህ አገር ሙቀት ከሰዓት በኋላ አይታተምም። አላወቅኩም ነበር።»

በር ጠባቂው አላመነም። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አውልቆ እጁን ዘረጋ፤ ያ በቀለም የታተመው ሸሚዙ ታጥቦም አልለቀቀም። የኮሚቴው ሰው ሸሚዙን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ። እውነት ነው፣ ያኔም አይቼዋለሁ፣ አስገባቸው አለ። ተጨማሪው ስንት እንደሆነ አልጠየቀም። አልጠየቀም የምለው ረስቶት ነው ብዬ አይደለም፤ ሰልፉን ዞር ብሎ አይቶ ነው የተወው። ያን ቀን ሥራ አስኪያጃችንን ወደድኩት። ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሲለው ደግሞ በአራት መቶ አባወራ ፊት አለው።

ሰዉ መግባት ጀመረ። እኛም ገብተን ሰፋሪው ንፍሮውን በጣሳ ከሚያድልበት ቦታ አጠገብ ቆምን። ጠዋት ገብተው ጫጫታው ያስቆማቸው የጠራ ካርድ ባለቤቶች ገና ተራ እየጠበቁ ነበር። መጋዘን ጠባቂው ቀልዱ ተመልሶለት፣ ካሁን በኋላ ምስጥ ቢጾም ይሻለዋል ይላል። አያ ካርዶቻቸውን በሰው እጅ ላይ እያዩ፣ አንዷም አልደበዘዘችም አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስታችን ከእፍረት ጋር ተቀላቅሎ ሦስታችንም እንደ ልጅ እንሳሳቃለን።

የዞብሏ ሴት ተራዋ ደረሰ። ትንሿን አዝላለች። ካርዷን ሰጠች። ሰፋሪው አንብቦ ሦስት ጊዜ ሰፍሮ በነጠላዋ ላይ ገለበጠላት። እሷ ሦስተኛውን ጣሳ የሚያህለውን በእፍኟ መልሳ ዕቃው ውስጥ ጨመረችው።

«ሁለት ነን» አለችው።

ሰፋሪው በቁጣ አያት። ካርዱ ሦስት ነፍስ ይላል፣ የጻፈልሽ ማን ነው፣ ለምን አስዋሸሽ አላት። ሴትየዋ ዞር ስትል እኔን አየችኝ። በእኔ ላይ እንዳይፈረድብኝ ፈርታ መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ መለሰችለት።

«የጻፉልኝ ሰዎች አልዋሹም። ስትጻፍ ነበረች። ትልቋን ትናንት ቀትር ላይ ነው አላህ የወሰዳት፤ ወንዙ ዳር።»

ሰፋሪው ቀጣዩን ጠራ። እሷም ነጠላዋን ቋጥራ አለፈች። መጋዘን ጠባቂው በትሩን ከትከሻው አወረደ። አያ ከጎኔ እንደቆሙ ናቸው። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ትናንት ጠዋት ያቃጠልነው፣ ያ መስመር የነበረበት ካርድ፣ ይነበብ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«ይነበብ ነበር፣ አያ» አልኳቸው።